የማላውቀው ተረት ተቀባይ

ሥራዬ ዝም ማለት ነበር። ዕድሜ ልኬን ሌላው ሲናገር፣ ሲዘፍን፣ ሲያለቅስ፣ እኔ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ ትንፋሼን ቆጥቤ፣ እንደ ግድግዳ ተቀምጬ ኖሬያለሁ። ሚስቴ ከዲጃ «የሬዲዮ ሰው አገባሁ ብዬ ነበር፤ ለካ ያገባሁት የተዘጋ ሬዲዮ ነው» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ቤት ስገባም ዝምታው አይለቀኝም ነበር።

ባለፈው በጋ ማለቂያ ላይ ጡረታ ወጣሁ። መሥሪያ ቤቱ ኬክ ቆረሰልኝ፣ አለቆቹ ደግ ደጉን ተናገሩልኝ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «በዚህ ሁሉ ዘመን በእጅህ ካለፈው ቅጂ የትኛውን ትወደዋለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እኔ የምሰማበትን» አልኳት። የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። አልቀለድኩም። በሜልበርን ከተማ መሃል ባለው ቤተ መዛግብት የድምፅ ክፍል ውስጥ ቁጥር የሌለው የቴፕ ክር ጠግኛለሁ፣ ገልብጫለሁ፤ የእኔ ትንፋሽ ያለበት ግን አንዱ ብቻ ነው። በሙያችን ሕግ ቢሆን ኖሮ የተበላሸ ተብሎ የሚጣል ነው። ያን ቅጂ ያስቀዳኝን ሰው፣ ዶክተር ሙራድን፣ ሳልጽፍ ብቀር ጡረታው አይጥመኝም።

የተወለድኩት ወሎ፣ ከከሚሴ ወጣ ብሎ ተራራ ላይ ካለ የአርጎባ መንደር ነው። አማርኛ ትምህርት ቤት ስገባ ያገኘሁት ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው፤ እየዋለ እያደረ ግን ባለቤቱን አስወጥቶ ቤቱን ወረሰው። እናቴ በአርጎብኛ ተረት ስታወራ ግማሹ ይገባኛል፣ ግማሹ ያልፈኛል። ባይገባኝም አንድ ነገር አውቅ ነበር፤ የት ላይ እንደምታርፍና የት ላይ መልስ እንደምትጠብቅ። መቅጃ እጄ ከመግባቱ በፊት ሞተች። ድምጿ በየትኛውም ክር ላይ የለም። ይህን አንድ ጊዜ ብዬ ልለፈው።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የክር ጓዳ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ ስቱዲዮ ውስጥ ያስነጠሰን ሰው ሳምንት ሙሉ የማያናግሩ ሰው ነበሩ። «ጥሩ ቴክኒሻን ማለት ክሩ ላይ የሌለ ሰው ነው» ይሉን ነበር። ወንበር ሳይንጫጫ መቀመጥ፣ ወረቀት ሳይንኮሻኮሽ መግለጥ፣ ምራቅ እንኳ በልክ መዋጥ ከእሳቸው ተማርኩ። ይህ ትምህርት በአጥንቴ ገባ፤ ብዙ ቆይቶ ሊያሳፍረኝ የነበረውም እሱው ነው።

ሜልበርን ስመጣ ሙያዬን የሚጠይቀኝ አልነበረም። መጀመሪያ አስኮት ቬል በመንግሥት ፎቅ ቤት ውስጥ ተጠጋን፤ እኔ ዌሪቢ እየተመላለስኩ ጎመንና ሰላጣ የሚታሸግበት ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ሠራሁ። ሱፐርቫይዘሩ ደግ ሰው ነበር፤ ግን አንድ ነገር ያስጨንቀው ነበር። «ይሄን ፓሌት ትወስደዋለህ?» ሲለኝ፣ እኔ እንደ አገሬ ልማድ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «እ!» እላለሁ። ሰውዬው ዞር ብሎ ከኋላው ምን እንደመጣ ያያል። «ምን አስደነገጠህ?» ይለኛል። «እሺ ማለቴ ነው» እለዋለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ይረሳዋል። ከዲጃም በምትሠራበት የአዛውንቶች መጦሪያ ያው ነገር ገጥሟት ስለነበር ማታ ማታ እየተነጋገርን እንስቅ ነበር።

ከብዙ ማመልከቻ በኋላ ቤተ መዛግብቱ ተቀበለኝ። ኮንትራቱ ይታደሳል አይታደስም እያልኩ በየዓመቱ ሰኔ ላይ እንዴት እንደምሆን ከዲጃ ትናገር። ሥራው ግን ውስጤን አረጋጋው። ያረጀ ክር በአፍንጫ ይታወቃል፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚለው እያለቀሰ ነው፣ ሙቀት አይችልም፤ ሳይሸት እጅ ላይ የሚጣበቀው ደግሞ ፍራፍሬ በሚደርቅበት ዓይነት ማሽን ውስጥ ለስለስ ባለ ሙቀት ውሎ ማደር አለበት። ሁለቱን ያምታታ ሰው የአንድን አገር ድምፅ አመድ ያደርጋል። ካሴቱ ከተሰባበረ ክሩን አውጥቶ ሌላ ቀፎ ውስጥ መመለስ፣ ከዚያ የማሽኑን ጆሮ፣ ክሩን የሚያነበውን ራስ፣ በትንሽ መፍቻ እያዞሩ ድምፁ ከጭጋግ እስኪወጣ መጠበቅ። ሰው ከጉድጓድ እንደ ማውጣት ነው፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ሲመጣ ዛሬም ድረስ ልቤ ይመታል።

ዶክተር ሙራድ የመጡት በዚህ መሃል ነው። ክረምት ነበር፤ ቀጠን ያሉ፣ ጥቃቅን መስታወት የተሰፋበት ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ፣ በሁለት እጃቸው የጫማ ሳጥን ታቅፈው ከአለቃዬ ከሄለን ጋር ወደ ክፍሌ ገቡ። አገራቸው ሲንድ ነው፤ በደቡብ ፓኪስታን፣ ኢንዱስ የሚባለው ትልቅ ወንዝ ባሕር የሚገባበት። ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነበሩ፤ የወጣትነታቸውን ዘመን የጨረሱት ግን ክፍል ውስጥ አልነበረም። በአውቶቡስ፣ በጀልባ፣ በግመል እየሄዱ የሲንድን ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ የሠርግ ዘፈን፣ ወንዙ አልጋውን በቀየረ ቁጥር ስለጠፉት መንደሮች ሽማግሌዎች የሚያወሩትን ታሪክ ሲቀዱ ኖረዋል። ጥቂቱን አሳትመውታል፤ ብዙው ሳጥን ውስጥ ነው። በእርጅናቸው ልጃቸው ዌሪቢ ሲያመጣቸው ልብሳቸውን ትተው ሳጥኖቹን ይዘው መጡ።

ሳጥኖቹን ላይ ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። መኪና ማቆሚያው ውስጥ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። የበጋው ሙቀት እዚያ ቆርቆሮ ሥር ምን እንደሚሠራ ስለማውቅ ደነገጥኩ። አንዱን ሳጥን ከፍቼ አሸተትኩ። እሳቸው ፊት ፊቴን እያዩ «ሞቷል?» አሉኝ።

«አልሞተም፤ ታሟል» አልኳቸው።

ትከሻዬን ያዝ አደረጉና «አዳ ሰይድ» አሉኝ። አዳ በእነሱ ቋንቋ ወንድም ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ስም አልጠሩኝም። እኔም «ዶክተር» እያልኩ፣ በልቤ አንቱ እያልኳቸው ኖርኩ፤ እንግሊዝኛ ግን ያን የሚሸከም ቃል ስለሌለው አንገቴን ዝቅ በማድረግ እሞላው ነበር።

እኔ የሆፐርስ ክሮሲንግ፣ እሳቸው የዌሪቢ ሰው ስለሆንን በሳምንት ሁለት ቀን በአንድ ባቡር ወደ ከተማ እንገባለን። ባቡር ውስጥም ያስተምሩኝ ነበር። ልማዳቸው ብዙ ነው። ሲቀዱ በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አይጽፉም፤ እስክሪብቶ ጠቅ ይላል። ቀይና ሰማያዊ ኩታቸውን አጣጥፈው ማይክሮፎኑ ሥር ያነጥፉታል፤ ጠረጴዛው ሲመታ ክሩ ላይ ነጎድጓድ እንዳይሆን። ተራቹን ከሁሉ በፊት «ይህን ከማን ሰማኸው? እሱስ ከማን?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የሰሚዎቹን ስም እስከ ቅድመ አያት ያስቆጥራሉ። የመጀመሪያው ግልባጭ የሚሰጠው ለተራቹ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ በፊት፣ ከመንግሥት በፊት። ተረቱ ሲያልቅ ደግሞ ማሽኑን አያጠፉም። «ሰው እውነቱን የሚናገረው ጨረስኩ ካለ በኋላ ነው» ይሉኛል። ስለዚህ በቅጂዎቻቸው ሁሉ ጭራ ላይ የሻይ ሲኒ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ የፍየል ድምፅ አለ።

በሳጥኖቹ ካሉት ካሴቶች ሁሉ አንዱን ለብቻው በፎጣ ጠቅልለው ይዘውት ነበር። በመጨረሻ የሰጡኝ እሱን ነው። የአንድ ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ ድምፅ ነው። «ተረቱ መሃል ላይ ተቋርጧል» አሉኝ። «ምናልባት ማሽኑ ከዚያ በኋላ የቀዳው ይኖራል። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ልሰማው አልደፈርኩም፤ አሁን ደግሞ ክሩ ተጣብቋል።»

ተረቱ እንዲህ ነው። አንድ ወንዝ መንደሩን ጥሎ ሄደ። ሰዎቹ ጠዋት ሲነሱ ጀልባዎቻቸው አሸዋ ላይ ተቀምጠዋል። የአንድ ቀዛፊ ልጅ «እኔ ሄጄ እመልሰዋለሁ» ብላ ደረቁን የወንዝ አልጋ ይዛ ወጣች። ወፉን ጠየቀች፣ ኤሊውን ጠየቀች፤ በስንት መከራ ወንዙን በማታውቀው ሰው ማሳ መሃል ተኝቶ አገኘችው። «ና፣ አገርህ ግባ» አለችው። ወንዙም «መንገዱን ረስቼዋለሁ። አንቺ ከፊት ብትሄጂና እኔ ከኋላ ብከተል፣ መከተሌን በምን ታውቂያለሽ?» አላት።

እሷ ምን አለችው? ዶክተር ሙራድ ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈለጉት ይህን መልስ ነው። ተረቱን ያወራው ቀዛፊ በዓመቱ ሞተ። ሌሎቹ ቀዛፊዎች «እሱን እሱ ነበር የሚያውቀው» አሏቸው።

ክሩን ማድረቂያው ማሽን ውስጥ አሳድሬ፣ በእጄ ቀስ ብዬ አላቅቄ፣ ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ለቀቅኩት። ድምፁ መጣ። እሳቸው ጎኔ ተቀምጠው በእርሳሳቸው ጉልበታቸውን ይመታሉ። ወንዙ ጥያቄውን ጠየቀ። ከዚያ ዝምታ። ረጅም ዝምታ። ከዚያ የገመድ አልጋ ሲንጫጫ፣ ሰው ሲነሳ፣ እግር ሲርቅ። ከዚያ ክሩ ላይ ያለው ቡናማ ዱቄት በማሽኑ ላይ ረገፈና ቀጥ አለ። ከነጭ ፕላስቲክ በቀር የቀረ ነገር አልነበረም። ሁሉን ነገር በደንቡ አድርጌ ነበር፤ ግን ባዶ እጄን ቀረሁ። በሙያዬ ብዙ ክር ሞቶብኛል፤ እንደዚያ ቀን የመረረኝ የለም።

እሳቸው ግን ስለ ዱቄቱ አላዘኑም። «የአልጋው ድምፅ ነው የገደለኝ» አሉ። ከዚያ ነገሩኝ። በእነሱ አገር ተረት ብቻውን አይወራም። አንድ ሰው ፊት ለፊት ይቀመጥና በየዓረፍተ ነገሩ «ሁን... ሁን...» እያለ ይመልሳል። ሁንጎሮ ይሉታል። እኛ ዘንድ ለአውራጅ ተቀባይ እንደሚያስፈልገው ማለት ነው። የቀዛፊው ተቀባይ ወንድሙ ነበር። ወጣቱ ሙራድ በልመና ያገኘው ማሽን ላይ ጥርት ያለ ድምፅ ፈልጎ፣ ወንድምየውን በትሕትና ከጎጆው ውጭ አስቀመጠው። ቀዛፊው ጀመረ፤ እየዘገየ ሄደ፤ ወንዙ ጥያቄውን ሲጠይቅ ዝም አለና ተነሳ። «ምነው?» ቢለው «ሰሚ የለም» አለው። ወንድምየውም ያኔውኑ ሥራ ፍለጋ ወደብ ወርዶ የት እንደገባ ጠፋ።

«ለማሽኑ ብዬ ሰሚውን አስወጣሁ» አሉኝ ዶክተር ሙራድ። የድሮ አለቃዬ ቢሆኑ ያንኑ ያደርጉ ነበር፤ እኔም ብሆን አደርገው ነበር።

ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ስንሠራ ጉሮሯቸው ታመመ። ከሕክምናው በኋላ ድምፃቸው ሹክሹክታ ብቻ ሆነ፤ ጠንከር ሊያደርጉት ሲሞክሩ ሳል ያፍናቸዋል። በዚያው ሰሞን ነው ማይ ሃጃንን ያገኙት። ማይ እንደ እኛ እትዬ ያለ ነው። ሆፐርስ ክሮሲንግ ከልጃቸው ከዜባ ጋር የሚኖሩ፣ ከዚያው የቀዛፊ ወገን የተወለዱ ባልቴት ናቸው። አንድ የዒድ ቀን ሕፃን ሲያባብሉ «ወንዙ ሄደ፣ ጀልባው አሸዋ በላ» ብለው ሲያንጎራጉሩ ዶክተር ሙራድ ሰሙ። ሹክሹክታቸውን አሟጥጠው ጠየቋቸው። አዎ፣ ተረቱን ያውቁታል፤ እስከ መጨረሻው። ከአባታቸው ሰምተውታል፤ ሲያወሩትም የሚቀበሏቸው ሟቹ ባላቸው ነበሩ።

ዶክተር ሙራድ ማታውኑ ደወሉልኝ። «አዳ ሰይድ» አሉ፤ የቀረውን ሳል ወሰደው።

የሄድነው አንድ እሑድ ማምሻ ላይ ነው። ማይ ሃጃን ፀሐይ ሳትጠልቅ ተረት አያወሩም፤ ደግነቱ ሰኔ ላይ እዚህ አገር በአሥራ አንድ ሰዓት ይጨልማል። ሥራዬን አሳምሬ ሠራሁ። ማሞቂያውን አጠፋሁ። ፍሪጁን አጠፋሁና ሳላበራው እንዳልሄድ የመኪናዬን ቁልፍ ውስጡ አስቀመጥኩ፤ የቆየ የሙያ ዘዴ ነው። ስልኮቹን ሰበሰብኩ። ዜባ የልጅ ልጆቹን በሙሉ ገበያ ማዕከል ላከቻቸው። ቤቱ እንደ ስቱዲዮ ጸጥ ሲል ኩራት ተሰማኝ። ማይ ሃጃን ግራ ቀኙን አዩና አንድ ነገር አሉ። ዜባ እየሳቀች ተረጎመችልኝ፤ «ማን ሞቶ ነው?» ነው ያሉት።

ተቀባዩ ዶክተር ሙራድ ሊሆኑ ነበር። ባልቴቷ ጀመሩ። እሳቸው «ሁ...» ብለው አነቃቸው። እንደገና ሞከሩ፤ ሳሉ ጎንበስ አደረጋቸው። ማይ ሃጃን ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው «ሰውዬውን እየገደልኩት ነው» ብለው ተዉት። ስንወጣ ዶክተር ሙራድ መኪናው ውስጥ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። በሚቀጥለው ወር ሌላ ኦፕሬሽን አለባቸው፤ ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ሐኪሞቹ ቃል አልሰጡም። እኔ ግን ያን ከማንበቤ በፊት ፊታቸውን አይቼ ገብቶኝ ነበር።

በሳምንቱ ተመለስን። በዚህ ጊዜ የምትቀበለው ዜባ ሆነች። ምስኪን፣ ሌሊቱን ሺፍት አድራ ነው የመጣችው።

«እማዬ፣ ዛሬ አልተኛም፤ ፕሮሚስ» አለች።

ባልቴቷ ጀመሩ። ዜባ «ሁን» ትላለች፤ አንዴ ፈጥና፣ አንዴ ዘግይታ። ተረቱ ውስጥ ያለው ወፍ ሳይናገር ማይ ሃጃን አቆሙ። «የአንቺ ሁን ሰዓት ያያል» አሏት። ዜባ ዓይኗ እንባ ሞላ። ገበያ አልሄድም ብሎ በሩ ሥር የተቀመጠው አንዱ የልጅ ልጅ ለማገዝ ብሎ በእንግሊዝኛ «የ፣ ናኒ፣ ጎ ኦን» አለ። አያትየው እጃቸውን አራገቡበት።

እኔ ማዳመጫዬን ደፍቼ የድምፅ መለኪያዋን መርፌ አያለሁ፤ አልንቀሳቀስም። ዶክተር ሙራድ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ባልቴቷ ጨዋ ስለሆኑ፣ ሰው ቤታቸው መጥቶ ባዶ እጁን እንዳይሄድ ይመስለኛል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጨመሩ። ቃሉ አንድም አልገባኝም። ድምፃቸው ግን ወጣ፣ ወረደ፣ አንድ ቦታ ላይ አረፈና ጠበቀ። ያን ማረፊያ አውቀዋለሁ። እናቴ የምታርፍበት ነው።

ሳላስበው ትንፋሼ ወደ ውስጥ ገባ። «እ!»

ማይክሮፎኑ አጠገብ ነኝ፤ መርፌዋ ዘለለች። ስንት ዘመን ሙሉ እንደ ግድግዳ የኖርኩ ሰው በዚያ ቀን፣ በዚያ ተረት ላይ! ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ማይ ሃጃን ፊታቸውን ከዜባ አዙረው ወደ እኔ አደረጉ። ቅንድባቸው ተነሳ። ቀጠሉ። እንደገና አረፉ። ዶክተር ሙራድ ዓይናቸውን ገልጠው በመዳፋቸው አየሩን ወደ ፊት ገፉልኝ፤ ቀጥል፣ አታቁም።

«እ!» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ተረቱን ያወሩት ለእኔ ነው። ቋንቋዬን የማያውቁ ባልቴት፣ ቋንቋቸውን ለማላውቅ ሰው። ሲፈጥኑ ፈጠንኩ፣ ሲያዝኑ ትንፋሼን ረዘም አድርጌ ሳብኩት። ማዳመጫውን መቼ እንዳወለቅኩት አላስታውስም። ያጠፋሁትን ፍሪጅ ልጁ አብርቶት ሲጮህ እየሰማሁ፣ የልጅ ልጆቹ ከገበያ ተመልሰው በበሩ ሥር ሲሰበሰቡ እያየሁ አልከለከልኩም። አንድ ቦታ ላይ ዶክተር ሙራድ ክንዴን ጨበጡት፤ ወንዙ ጥያቄውን ጠይቆ መሆን አለበት። ባልቴቷ አረፉ። «እ!» አልኩ። ቀጠሉ።

ሲጨርሱ ዶክተር ሙራድ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ነበር። ማሽኑን አላጠፋሁም። ዜባ አፍንጫዋን እየጠረገች ነገረችኝ። ልጅቷ ለወንዙ «አንተ እያወራህ ተከተለኝ፤ እኔ እየመለስኩልህ እሄዳለሁ» አለችው። ወንዙ ያየውን አገር ሁሉ እያወራ ተከተላት፤ እሷም «ሁን» እያለች ቀን ከሌት ሄደች። የመንደሯ ዛፎች ሲታዩ ድካም ጣላትና ተቀመጠች፤ እንቅልፍ ወሰዳት። ወንዙ ቢያወራ፣ ቢያወራ መልስ አጣ። ብቻውን የቀረ መሰለው፤ እዚያው ቆመ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ የመንደሩ ሴቶች ውሃ የሚቀዱት ሩቅ ሄደው ነው፤ መንገዱንም ጮክ ብለው እያወሩና እየተቀባበሉ ነው የሚሄዱት፣ ምናልባት ይሰማና ይነሳ እንደሆነ።

ዶክተር ሙራድን በመኪናዬ ወደ ቤታቸው አደረስኳቸው። ቤታቸው በር ላይ በሹክሹክታ «ቀዛፊው መልሱን ነፍጎኝ የሄደ ይመስለኝ ነበር» አሉኝ። «ነግሮኝ ኖሯል። የሚመልስለት አጣና ቆመ። እሱ ወንዙን ሆኖ እያሳየኝ እኔ አልጋው ሲንጫጫ ብቻ ሰማሁ።» እጃቸውን ያዝኩ።

ሰኞ ሥራ ስገባ ሄለን ቅጂውን ሰማችው። ጥሩ ሴት ናት፤ ሥራዋን አክባሪ። «ሰይድ፣ ይሄ በየመሃሉ የሚያቃስተው ማነው? አስም አለበት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«አንተ?» አለች። ዋናው ቅጂ እንደ ደንቡ ሳይነካ ይቀመጣል፤ ሕዝብ የሚሰማው ግልባጭ ላይ ግን ትንፋሹን እንዳጸዳው ጠየቀችኝ። መሣሪያው አለ፤ የከሰዓት ሥራ ነው። በዚያ መሥሪያ ቤት ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ እምቢ አልኩ። በቃል ላስረዳት ብሞክር እንግሊዝኛዬ ተተበተበ። ስለዚህ ሁለቱን ቅጂ አከታትዬ አሰማኋት፤ መጀመሪያ የቀዛፊውን፣ ከነዝምታው፣ ከነአልጋው፤ ቀጥሎ የማይ ሃጃንን። ሄለን ማዳመጫዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «እንዳለ ይሁን» አለች። ሄለን የምትፈቅደው በአጭሩ ነው።

የመጀመሪያው ግልባጭ ለማይ ሃጃን ተሰጠ፤ ዶክተር ሙራድ ከኦፕሬሽኑ በፊት በነበረው ቀን በእጃቸው ወስደው ሰጧቸው። ባልቴቷ አጫወቱትና በትንፋሼ ሳቁ። «ይሄ ሐበሻ ሊሰምጥ ያለ ሰው ይመስላል፤ ግን ይሰማል» አሉ አሉ።

ኦፕሬሽኑ አልተሳካም። ድምፅ ከእሳቸው ጠቅልሎ ሄደ፤ ሹክሹክታውም ቀረ። በመጨረሻው ሰሞን ሆስፒታል ስሄድ ልጃቸው ኮሪደር ላይ አገኘኝ። «ጋዜጣ አነብላቸዋለሁ፤ ይስሙኝ አይስሙኝ አላውቅም» አለኝ። አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። ቆባቸው ትራሱ ላይ ነው። ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፤ ከንፈራቸው «አዳ» የሚለውን ሠራ፣ ድምፅ አልወጣም።

ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ የማውቀውን አደረግኩ። ትንሿን ማጫወቻ ከቦርሳዬ አውጥቼ ትራሱ ጎን አስቀመጥኳት። የማይ ሃጃን ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ወንዙ መንደሩን ጥሎ ሄደ። ባልቴቷ አረፉ። ከማሽኑ ውስጥ ትንፋሼ መለሰ፤ «እ!»

ጥቂት እንደቆየ አንድ ማረፊያ ላይ ሁለት ትንፋሽ የሰማሁ መሰለኝ። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው ብዬ ጎንበስ አልኩ። ቀጣዩ ማረፊያ ላይ እንደገና ሰማሁት፤ አንዱ ከማጫወቻዋ፣ አንዱ ከአልጋው። ቀና ብዬ አየኋቸው። ቅንድባቸው ተነስቷል። ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው፣ ልክ እንደ እኛ አገር ሰው፣ «እ!» ይላሉ። ያ መልስ ጉሮሮ አይፈልግም፤ ሳል አያስነሳም። በወጣትነታቸው ሰሚውን ከጎጆ ያስወጡት ሰው እስከ ተረቱ መጨረሻ ድረስ አንድም ማረፊያ ሳያሳልፉ ተቀበሉ። ልጅቷ ስትተኛ፣ ወንዙ ሲቆም፣ እሳቸው አልተኙም። እያለቀስኩ ነበር፤ እሳቸው ግን አላለቀሱም።

ተረቱ አለቀ። እንደ ልማዳቸው ማሽኑን ሳላጠፋ ቆየሁ፤ የዜባ የአፍንጫ ድምፅ፣ የፍሪጁ ጩኸት፣ የልጆቹ ሳቅ ተከታትለው አለፉ። ዶክተር ሙራድ በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ሳጥኖቻቸው ዛሬ በቤተ መዛግብቱ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ በደህና ተቀምጠዋል፤ የሲንድ ልጆች ከያሉበት ሆነው ይሰሟቸዋል። እኔ ያን ቀን ሆስፒታል የሄድኩት ማጫወቻ ይዤ ነው፤ መቅጃ አልያዝኩም። የዶክተር ሙራድ ሁንጎሮ በየትኛውም ክር ላይ የለም። ዝም ማለት ሥራዬ የነበረ ሰው ይህን ሁሉ የተናገርኩት ለዚያ ነው።